ሐሙስን ረቡዕ ላይ ማውራት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ሙሉ ቀን ቢሮ። ምሳ በወጉ አልበላሁም። አንዱ የጎረቤቱ ውሻ እንዲታሰርለት፣ አንዷ ልጇ ሥራ እንዲገባላት... አንድ ሽማግሌ ደግሞ ጭራሽ ጉዳይ የላቸውም። "በየሳምንቱ በስልክ ድምፅሽን እሰማለሁ፤ መልክሽንም ልየው ብዬ ነው" አሉኝ። ቁጭ ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ከድምፅሽ ታንሻለሽ" ብለውኝ ሄዱ። የቢሮ ረዳቴ ጋሼ ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገቡ።

ጋሼ ባይኖሩ ይሄ ቢሮ እስካሁን ተዘግቶ ነበር። ዕድሜያቸውን ፖስታ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። ቴምብር የተመታበት ነገር ሁሉ በሰዓቱ መሄድ አለበት ብለው ያምናሉ። እኔንም እንደ ጥቅል ነው የሚያዩኝ፤ ሰዓቴ ሲደርስ ገፍተው ያስወጡኛል።

ዛሬም የበዛው የጤና መድን ጥያቄ ነው። መቼ ነው የሚዘጋው? ሊያሳጥሩት ነው የሚባለው እውነት ነው? ምዝገባ በዓመት አንዴ ነው፤ ያመለጠው እስከ ዓመቱ ይጠብቃል። እስከ ኅዳር ሠላሳ ነበር። ከነገ ወዲያ ድምፅ የሚሰጥበት ማሻሻያ ግን ወደ ኅዳር አሥራ ሦስት ሊጎትተው ነው። ምክንያቱ? "በመዝጋቢ ሠራተኞች ላይ የሚደርሰውን የሥራ ጫና ለመቀነስ"። ጫና! አዋላጅ ነርስ ነበርኩ እኮ። ጫና ምን እንደሆነ መጥተው እኔን ይጠይቁኝ።

ለሁሉም አንድ መልስ ሰጠሁ። አታስቡ፣ እንቃወማለን፣ ይወድቃል። ደግሞም ይወድቃል፤ ምክር ቤቱ ውስጥ የምንቃወመው ከግማሽ በላይ ነን።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

ሳምንታዊውን መልእክት ቀዳን። እንደ ልማዳችን በመዝገብ ቤቱ ውስጥ፣ ድምፁ እንዳያስተጋባ የጋሼን ካፖርት በሩ ላይ ሰቅለን። በመጀመሪያው ቅጂ ውጭ መኪና ጮኸ። በሁለተኛው እኔ አስነጠስኩ። ሦስተኛው ጥሩ ወጣ።

"ውድ መራጮቼ፣ በዚህ ሳምንት የጤና መድን ምዝገባን የሚያሳጥረውን ማሻሻያ ተቃውሜ ድምፅ ሰጥቻለሁ። ማሻሻያው አልጸደቀም። ስለዚህ አትቸኩሉ፤ ቤተሰባችሁን አሟልታችሁ እስከ ኅዳር ሠላሳ መመዝገብ ትችላላችሁ..."

ጋሼ መቅረጫውን አጥፍተው "ድምፁ የሚሰጠው ነገ አይደለም እንዴ?" አሉኝ።

"ነው። የሚሰማው ግን ዓርብ ነው።"

"እህ..." ብቻ አሉ።

ምን ላድርግ? ሐሙስ ስብሰባው መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም፤ መልእክቱ ደግሞ ዓርብ ጠዋት በሰው ሁሉ ስልክ ላይ መግባት አለበት። ሁላችንም እንደዚህ ነው የምንሠራው። ረቡዕ ላይ ሆነን ስለ ሐሙስ በኃላፊ ጊዜ እናወራለን። አምና አንዱ ባልደረባዬ በዝናብ ለተሰረዘ ስብሰባ "አዳራሹን ሞልታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ" ብሎ ልኮ ስንት ቀን ሳቅንበት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ሹክሹክታ ኮሪደር ላይ ያዘኝ።

የፓርቲያችን ተጠሪ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ ለዚህ ነው ሁሉም ሹክሹክታ የሚለው። ክንዴን ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰደኝ።

"ማሻሻያው ያልፋል" አለኝ።

"ይወድቃል ተባብለን አልነበር?"

"ነበር። ትናንት ማታ ከበላይ ሌላ ነገር መጣ። አንቺም እጅሽን ታነሻለሽ።"

"አላነሳም። ለሰው ቃል ገብቻለሁ።"

ፈገግ አለ። "የማዋለጃ ክፍልሽ በሚቀጥለው ሐሙስ በጀት ውስጥ አለ። አንድ መስመር ናት። አንድ መስመር ደግሞ... ታውቂዋለሽ፣ ሲታተም ልትወድቅ ትችላለች።"

ውሻ! ምን እንደምወድ ያውቃል። የሠራሁበት ጤና ጣቢያ ኮሪደር ላይ ስንት ሴት አዋልጃለሁ? መጋረጃ እንኳን ሳይኖር፣ ባሏ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ካርቶን እያራገበላት። ለዚያ ክፍል ብዬ አይደል ወደዚህ ሥራ የገባሁት?

እጄን አነሳሁ።

አለፈ። የሚቃወሙ አምስት ስድስት ሰዎች ቀርተው ነበር፤ ከነሱ አንዱ ዘወር ብሎ አየኝ። ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።

የሆነ ነገር ረስቻለሁ። ምን ነበር?

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

መልእክቱን!

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የሰማሁት። ሾፌሩ ስልኩን ከመሪው አጠገብ ሰክቶ ድምፁን ለቆታል። "...ተቃውሜ ድምፅ ሰጥቻለሁ። ማሻሻያው አልጸደቀም። ስለዚህ አትቸኩሉ..." የገዛ ድምፄ። እንዴት ያለ የሚያሳምን፣ የሚያረጋጋ ድምፅ ነው! ሴት እያማጠች "ትንሽ ቀረሽ" የምልበት ድምፅ።

"ይቺ ሴትዮ ጎበዝ ናት" አለኝ ሾፌሩ። አላወቀኝም። "ከነዚያ ሁሉ መሀል እሷ ብቻ ናት የምታስበን። እርስዎ ተመዝግበዋል?"

"አዎ... አይ..."

"አይቸኩሉ። ጊዜ አለ ብላለች።"

ሻሼን ወደ ግንባሬ ጎትቼ ሳልደርስ ወረድኩ። ለአንድ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር አቃተኝ። "ተሳስታለች፤ የሚዘጋው በአሥራ ሦስት ነው።" በቃ ይሄን ነበር የሚፈልገው።

መንገድ ዳር ቆሜ ጋሼ ላይ ጮህኩባቸው። ለምን ላኩት! ምን ነካዎት!

"አይላኩት አላሉኝም። ዓርብ ጠዋት ነው፤ በሰዓቱ ሄዷል።"

እውነታቸውን ነው። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳን አልደወልኩም። አንጀቴን ያሳረረው እሱ ነው፤ የምቆጣው ሰው ፈልጌ ያገኘሁት ጥፋት የሌለበትን ሰው መሆኑ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ማስተካከያ እልካለሁ ብዬ ለሹክሹክታ ደወልኩ። ለምን ደወልኩ? ማን ፈቃድ ጠይቂ አለኝ?

"ምን ብለሽ ነው የምታስተካክዪው? ተቃውሜአለሁ አልኩ፣ ግን ደግፌአለሁ ልትዪ? ማን አስገደደሽ ሲሉሽስ?" ... "በጀቱ እስኪያልፍ አምስት ቀን አፍሽን ያዢ። የመድን ቢሮው ማስታወቂያ ይለጥፋል። ሰው ያነባል።"

ሰው ያነባል! እኔ ራሴ የመኖሪያ ቤቴ በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ካነበብኩ ዓመቴ ነው።

አምስት ቀን። ከዚያ በኋላም እስከ አሥራ ሦስት ጊዜ አለ። ይደርሳል... አይደርስም?

እሑድ፣ ኅዳር 1

ወንድሜ ቤት ምሳ። ጎረቤቶችም ነበሩ፣ ከጎሚስታ ቤቱ ሁለት ጓደኞቹም። ገና በሩን ከፍቼ ስገባ አጨበጨቡ። እውነተኛ ጭብጨባ! "ተቃውሜ!" እያለ ወንድሜ እጁን ወደ ላይ ያነሳል። የጎማ ጥቁር ከጥፍሩ ስር ወጥቶ አያውቅም፤ በዚያ እጁ ትከሻዬን ይዞ "እህቴ ናት! አንዲት እናት ናት የወለደችን!" ይላል። ሰው ሁሉ ይስቃል።

ሚስቱ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። አንገቷ ላይ ያለው እንቅርት ባለፈው ካየሁት አብጧል፤ በነጠላ ሸፍናዋለች። ጋደም ስትል ትንፋሿን ስለሚያፍናት በሦስት ትራስ ተደግፋ ነው የምትተኛው። ሐኪሙ ለጥር ወር ኦፕራሲዮን ቀጥሯታል። "መድኑ ስላለ ነው እንጂ የት አባታችን..." አለችኝ ቀስ ብላ።

የያዝኩትን እንጀራ መለስኩ።

"ተመዘገባችሁ?" አልኩት ወንድሜን።

"ቤተሰቡ በሙሉ ቀርቦ ፎቶ ካልተነሳ አይሆንም አሉን። ልጃችን ደግሞ ሌላ ከተማ ፈተና ላይ ናት፤ በሃያ አንድ ትመጣለች። ያኔ አብረን ሄደን እንጨርሳለን።"

"አሁኑኑ ብታስመጣት አይሻልም?"

"ለምን? እስከ ሠላሳ ነው አላልሽም?"

"ብያለሁ... ግን ለማንኛውም..."

"ኧረ ተይ! ራስሽ ብለሽ ራስሽ አታስፈራሪን" አለና ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ሳቅሁ! እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጀግና አድርገውኝ እንዴት "ዋሽቼ ነው" እላለሁ ብዬ... ነገ ለብቻው እደውልለታለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ደወልኩ። ጎማ እየነፋ ነበር፣ የአየር መጭመቂያው ይጮሃል፣ አይሰማም። "ማታ ደውዪ" አለኝ። ማታ አልደወልኩም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

በጀቱ አለፈ። የማዋለጃ ክፍሉ አለበት። ሹክሹክታ ከሩቅ ጠቀሰኝ።

ሳምንታዊው መልእክት ስለ ክፍሉ ብቻ ነው። አሁን ያለፈውን አስተካክላለሁ አልኩት። "ገንዘቡ ገና አልተለቀቀም" አለ። መቼ ነው የሚለቀቀው? ይታያል። ይታያል!

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ዛሬ ተዘጋ። በምዝገባ ቢሮው በኩል አለፍኩ፤ ሰልፍ የለም። ጥቂት ሰው ብቻ። ሌላ ዓመት በመጨረሻው ቀን መንገዱ ድረስ ይሰለፍ ነበር።

የት ሄደው መሰለሽ? አትቸኩሉ ያልሻቸው አንቺ አይደለሽ?

ወንድሜን እስካሁን አልነገርኩትም።

ሰኞ፣ ኅዳር 23

ወንድሜ ልጁንና ሚስቱን ይዞ ሄደ። ሦስቱም አዲስ ልብስ ለብሰው፣ ለፎቶው ብለው።

በመስኮቱ የነበረው ጸሐፊ "ተዘግቷል" አላቸው። ወንድሜ ስልኩን አውጥቶ መልእክቴን ከፈተለት። ጸሐፊው እስከ መጨረሻው ሰማው አሉ። ከዚያ "ስብሰባውን በቴሌቪዥን አይቻለሁ፤ እጃቸውን አንስተዋል" አለው። ወንድሜ "የእኔ እህት አታነሳም" ብሎ ልብሱን ሊይዘው ነበር። ልጅቷ ናት የገላገለችው።

ይሄን ሁሉ የነገረችኝ ልጅቷ ናት፣ በስልክ። "አክስቴ፣ እውነት ነው እንዴ?" አለችኝ።

"እውነት ነው" አልኳት።

ስልኩን ዘጋችው። አልተናደደችም፤ ዘጋችው ብቻ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ቢሮው በር ላይ ሰልፍ። ሁሉም ስልካቸውን ይዘዋል። ሁሉም ያንኑ ቅጂ ከፍተውልኝ ያሰሙኛል፤ ራሴን ስሰማ ዋልኩ። አንዲት የኩላሊት እጥበት ያለባት ሴት፣ አንድ አናጢ ልጁ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ያ ታክሲ ሾፌርም መጣ። አሁን አወቀኝ። "እርስዎ ነበሩ እንዴ?" አለኝ። ወንበሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ ወጣ።

ወንድሜም ተሰልፎ ነበር። ጋሼ ግባ ቢሉት እንቢ አላቸው። ተራው ሲደርስ ገባ። ቆሞ።

"ክብርት ተወካይ፣ እንደምን አደሩ።"

"ወንድምዓለም፣ ተው እንጂ..."

"ጉዳዬን ላቅርብ። ባለቤቴ ለጥር ወር ቀጠሮ አላት። ሆስፒታሉ ያለመድን አንቀበልም ብሎናል። እርስዎ ምን ያደርጉልናል?"

"ልነግርህ ፈልጌ ነበር። ደውዬ ነበር... መጭመቂያው እየጮኸ..."

እዚህ ላይ ፈነዳ። "መጭመቂያው! ሦስት ሳምንት ሙሉ ጮኸ? ቤቴ ገብተሽ፣ በልተሽ ጠጥተሽ፣ ሲያጨበጭቡልሽ ስቀሽ! አንድ ቃል! አንድ ቃል ብትዪኝ ልጄን ከፈተና መሀል እጎትታት ነበር!" ... "ያቺ ሴት ተቀምጣ ነው የምታድረው። ታውቂያለሽ? ተኝታ አታውቅም!"

ደጅ ያለው ሰልፍ ሁሉ ይሰማል።

ምን ልበለው? ለማዋለጃ ክፍሉ ብዬ ነው ልበለው? አልኩት። "ለማዋለጃ ክፍሉ ነው" አልኩት። ተመለከተኝ። "ሚስቴ ልትወልድ አይደለም" አለኝ። ወጣ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25

ሹክሹክታ ራሱ መጣ፣ ቢሮዬ ድረስ። ለሳምንታዊው መልእክት የሚሆን ጽሑፍ ይዟል። ተዘጋጅቶ፣ ተተይቦ። አንብቢው ብቻ።

"...በጽሕፈት ቤታችን ሠራተኛ ስህተት የተሳሳተ የድምፅ ቅጂ መላኩን በታላቅ ሐዘን እንገልጻለን። በሠራተኛው ላይ ተገቢው እርምጃ ተወስዷል።"

"የትኛው ሠራተኛ?"

"ሽማግሌው። ጡረታ አላቸው እኮ፣ አይጎዱም።"

ጋሼ ከበሩ አጠገብ ሻይ ይዘው ቆመዋል። ሰምተዋል። ሹክሹክታ ሹክ ሲል እንኳን የሚሰማ ጆሮ አላቸው። ሻዩን አስቀመጡለት፣ ስኳሩን ጠየቁት፣ ሁለት አለ፣ ጨመሩለት። ከወጡ በኋላ ግን ካፖርታቸውን ከመስቀያው ሲያወርዱ አየሁ።

ለበሱት። ቆቡንም አደረጉ። ሰውዬው ገና ሳይጨርስ ለመሄድ ተዘጋጅተዋል፣ እኔ እንደማነበው እርግጠኛ ሆነው!

ያ ነው ያሳበደኝ። ስንት ዓመት አብረውኝ ሠርተው፣ አታነብም ብለው አላሰቡም። ወንድሜ ሰው ሊያንቅ ደርሶ ተከራከረልኝ፤ ጋሼ ግን ያውቁኛል።

ወረቀቱን ሁለት ቦታ ቀደድኩት። ሻዩ ላይ ወደቀ። ሹክሹክታ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ፤ ሱሪው ረጥቦ ነበር። ድምፁ ቀጭን ነው። ለካ ለዚህ ነው የሚያንሾካሹከው።

"ክፍልሽን ደህና ሰንብት በይው!" አለኝ ደረጃው ላይ ሆኖ።

"ጋሼ፣ ካፖርቱን በሩ ላይ ይስቀሉልኝ" አልኩ። "የምቀዳው አለኝ።"

"የምን? ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው።"

እውነታቸውን ነው። ነገ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 26

ስብሰባው ሲያልቅ፣ ከዚያው ከምክር ቤቱ ደረጃ ላይ ሆኜ ቀዳሁ። መኪና ይጮሃል፣ ነፋስ አለ፣ ዘበኛው "እዚህ አይቆምም" ሲል ይሰማል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀዳሁት።

ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ የላክሁት ውሸት ነበር አልኩ። ከድምፁ በፊት ቀድቼ የላክሁት ነው። እኔ ራሴ ደግፌ እጄን አንስቻለሁ። ያነሳሁትም ሌላ ነገር ይሰጥሻል ስለተባልኩ ነው። እውነቱን እያወቅሁ አራት ሳምንት ሙሉ ዝም ብያለሁ። በእኔ ቃል የዘገያችሁ ሁሉ ወደ ቢሮዬ ኑ፤ ምዝገባው ለእናንተ እንዲከፈት ሐሳብ አቀርባለሁ። የቢሮዬ ሠራተኛ ምንም አላጠፋም።

ላክሁት። ደስ አላለኝም። ቀለለኝ የሚሉ ሰዎች ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

ስድብ። ይገባኛል። ግማሹ "ቢያንስ እውነቱን ተናገረች" ይላል፤ ይሄኛው የባሰ ያናድደኛል። ምን ቢያንስ! ያቺ ሴት በዚህ "ቢያንስ" ትተነፍሳለች?

ከምክር ቤቱ ጤና ኮሚቴ አባልነቴ ተነስቻለሁ። በሁለት መስመር ደብዳቤ። የማዋለጃ ክፍሉ ወደ ጎረቤት ወረዳ ተዛውሯል፤ "በአፈጻጸም ዝግጁነት መስፈርት"። እዚያ ወረዳ ውስጥ ደግሞ አሁን ያለው ክፍል ራሱ ባዶ ነው! ደሜ ፈላ። ክፍሉንም አጣሁ፣ ቃሌንም አጣሁ። ቃሌን መሸጤ ካልቀረ የሸጥኩበትን ዋጋ እንኳን አላገኘሁም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ሲያየኝ በጓሮ በኩል ወጣ። ጎማ ሲያንከባልል ይሰማኛል፤ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሥራ ሳይኖረው።

ሚስቱ ግቢ አለችኝ። ድምፅዋ ሻክሯል። የጥር ተራዋ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። "ሆስፒታሉ ስሜን ሰርዞ የሌላ ሰው ሲጽፍ ዓይኔ እያየ ነው" አለች። ይቅርታ ልላት ስጀምር እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

"እታለም፣ ይቅርታውን ለራስሽ ያዢው። እኔ ትንፋሽ የለኝም፤ አዳምጬ ልጨርሰው አልችልም። ያልሽው ሐሳብ መቼ ነው የሚቀርበው?"

"ሐሙስ፣ በአሥራ ሰባት።"

"እመጣለሁ።"

"እዚያ ድረስ? ደረጃው ብዙ ነው።"

"እየተቀመጥኩ እወጣዋለሁ።"

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 17

በሦስት ሳምንት ውስጥ ቢሮዬ የመጡትን ሁሉ ይዤ ገባሁ። የአዳራሹ የላይኛው የእንግዳ መቀመጫ ሞልቷል። አናጢው ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ። ሾፌሩ። የወንድሜ ሚስት ከፊት ረድፍ፣ ነጠላዋን ከአንገቷ ላይ አውርዳ። ሆን ብላ ነው። ይዩት ብላ።

ወንድሜ አልገባም። ግን ያመጣት እሱ ነው፤ ልጅቷ ነገረችኝ። በሰው መኪና፣ ራሱ እየነዳ። ደጅ ቆሞ ነበር።

ተናገርኩ። ለሁለት ሳምንት ብቻ ይከፈት፣ በተሳሳተ መልእክት ለዘገዩት ብቻ። ጮህኩ መሰለኝ። አፈ ጉባኤው ሁለት ጊዜ ረገብ እንድል ነገረኝ። አልረገብኩም። ያቺን ሴት እዩአት፣ ወደ ላይ ቀና በሉና እዩአት አልኳቸው። አንዳንዱ ቀና አለ። ብዙዎቹ ወረቀታቸውን አገላበጡ።

እቃወማለሁ የሚል የለም። ጉድ እኮ ነው! ሁሉም አዘኑ። ሁሉም "እጅግ ጠቃሚ ሐሳብ" አሉ። ከዚያ ሹክሹክታ ተነስቶ ሐሳቡ ለዝርዝር ጥናት ለጤና ኮሚቴው ይመራ አለ። ያስወጡኝ ኮሚቴ። ኮሚቴው ደግሞ የሚሰበሰበው ከዕረፍት በኋላ ነው፣ ሪፖርት የሚያቀርበው ዓመታዊው ምዝገባ ሊከፈት ሲል ነው።

እጅ ተነሳ። ብዙ እጅ። እኔ የማውቃቸው፣ አብሬያቸው ምሳ የበላሁ እጆች። ባለፈው የኔም ከመሀላቸው ነበር፤ ከላይ ሆኖ ለሚያየው ይሄን ነው የሚመስለው ማለት ነው።

ተሸነፍን። አናጢው "አለቀ እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። አለቀ አልኩት። ልጁን አንቅቶ ያዘው።

ከሁሉም ኋላ ወጣን። እኔና የወንድሜ ሚስት ደረጃው ላይ ቆመን፣ እሷ ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ እኔ ስልኬን አወጣሁ። ሐሙስ ነው። ድምፁ ተሰጥቷል።

"ውድ መራጮቼ፣ ዛሬ ምዝገባው እንዲከፈት ያቀረብኩት ሐሳብ ወደ ኮሚቴ ተመርቷል። ይሄ ማለት ተሸንፈናል ማለት ነው። እኔ ተቃውሜ..." እዚህ ላይ ቆምኩ።

"ስጪኝ" አለች።

"ምን?"

"ስልኩን ስጪኝ።"

ሰጠኋት። እንዴት እንደሚያዝ አሳየኋት። ወደ አፏ በጣም አቀረበችው። በሁለት ቃል መሀል ትንፋሿን ስትስብ ይሰማል።

"እኔ... የወንድሟ ሚስት ነኝ። ያልተመዘገብኩት እኔ ነኝ። ጥር ላይ ልታከም ነበር፤ አሁን አንድ ዓመት እጠብቃለሁ። ከደረስኩ። የምነግራችሁ... በሚቀጥለው ምዝገባ፣ በመጀመሪያው ቀን ሂዱ። በሩ ሳይከፈት ሂዱ። ጊዜ አለ የሚላችሁን አትስሙ። ማንም ይሁን። ይቺንም ቢሆን።"

በጣቷ ወደ እኔ አመለከተች። ስልኩ እንደማያይ ረስታ ነው። ከዚያ መለሰችልኝና ግድግዳውን ይዛ አንድ በአንድ መውረድ ጀመረች። ከታች ወንድሜ የመኪናውን በር ከፍቶ ቆሟል። እኔን አላየኝም። እሷን ብቻ ነው የሚያየው።

ለጋሼ ደወልኩ። "የመጨረሻውን ልቁረጠው?" አሉኝ ከሰሙት በኋላ።

"አንድም ቃል አይቁረጡ" አልኳቸው። "አሁኑኑ ይላኩት። ነገ ጠዋትን አይጠብቁ።"